ስለ ፀሐይ ጨረርና ከበላያችን ስለተዘረጋው መጋረጃ



በቂርቆስና በካዛንቺስ ከእናቶችና ከሕፃናት ጋር የሚሠሩ የፕሮጀክት ሠራተኞች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። «በአንድ በኩል ሕፃናትን ፀሐይ አሙቁ ብለን እናስተምራለን። በሌላ በኩል ደግሞ ፀሐይ ዓይንንና ቆዳን ትጎዳለችና ተጠንቀቁ እንላለን። እናቶቹ የትኛውን ይያዙ?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን በአጭሩ ሰጥቶ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ምክንያቱን ያልተረዳ ሰው ምክሩን ለሌላ ሲያስተላልፍ ማዛባቱ አይቀርም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ፣ ይኸውም ከላይ ከሰማዩ ጀምረን ለማስረዳት አስበናል።

ከፀሐይ የሚመጣልን ሁሉ በዓይን የሚታይ አይደለም። ዝናብ ሲያባራ ቀስተ ደመና ወጥቶ ቀለማቱ ተለያይተው ሲታዩ፣ በአንደኛው ጠርዝ ቀዩ፣ በሌላው ጠርዝ ሐምራዊው ይቆማል። ከቀዩ ወዲያ የማናየው፣ ነገር ግን ሙቀቱ በቆዳችን የሚሰማን ጨረር አለ። ከሐምራዊው ወዲያ ደግሞ የማናየውም የማይሰማንም ሌላ ጨረር አለ። አልትራቫዮሌት የሚባለው ይህ ነው። ዮሐን ሪተር የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1801 ሊያገኘው የቻለው፣ በብርሃን የሚጠቁር የብር ጨው ከሐምራዊው ቀለም ውጭ ምንም ብርሃን በማይታይበት ስፍራ አኑሮ ከሌላው ሁሉ ፈጥኖ ሲጠቁር በማየቱ ነው።

ከዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር አጥብቆ እንዲይዝልን እንፈልጋለን። ሙቀትና አልትራቫዮሌት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አየሩ ቀዝቅዞ ሰው ጋቢ ደርቦ እየተንቀጠቀጠ ሳለ ጨረሩ ብርቱ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባን የሚመለከተው ነገር አብዛኛው የሚነሣው ከዚህ ነው።

ባለሙያዎች ጨረሩን በሦስት ከፍለው «ኤ»፣ «ቢ» እና «ሲ» ይሉታል። ከሦስቱ «ሲ» እጅግ የከፋው ነው። በሐኪም ቤትና በውሃ ማጣሪያ ተሕዋስያንን ለመግደል በመብራት መልክ የሚሠሩበት እሱን ነው። ከፀሐይ የሚወጣው «ሲ» ግን በላይኛው አየር ፈጽሞ ስለሚቀር ወደ ምድር አይደርስም። «ቢ» አብዛኛው ከላይ ይቀርና ጥቂቱ ይደርሰናል። «ኤ» ደግሞ አብዛኛው ያልፋል፤ ምድር ላይ ከሚደርሰው አልትራቫዮሌት 95 በመቶ ያህሉ እሱ ነው። የዛሬው ነገራችን በአመዛኙ ስለ «ቢ» ነው፤ ቆዳን የሚያቃጥለውም፣ ለሕፃን አጥንት የሚያስፈልገውም እሱ ነውና።

«ቢ»ን የሚያስቀረው ማነው? የምንተነፍሰው ኦክስጅን አቶሞቹ ሁለት ሁለት ሆነው ተጣምረው የሚገኙበት ነው። ከላይ በርቀት፣ በተለይም ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ከፍታ ባለው አየር ውስጥ፣ ኃይለኛው የፀሐይ ጨረር አንዳንዱን ጥንድ ይሰብረዋል። የተሰበረው ነጠላ አቶም ያልተሰበረ ጥንድ ሲያገኝ ይጠጋዋል፤ ሦስት አቶሞች የተጣመሩበት ኦዞን የሚባለው አየርም ይፈጠራል። ኦዞንም በፋንታው «ቢ» ጨረር ሲያገኘው ጨረሩን ውጦ ይፈርሳል፤ ኋላም እንደገና ይጣመራል። ሲሰበርና ሲገጣጠም የሚውል መጋረጃ ነው ማለት ይቻላል። የዚህን አሠራር መሠረት እ.ኤ.አ. በ1930 አስልቶ ያስረዳው ሲድኒ ቻፕማን የተባለ እንግሊዛዊ ነበር።

መጋረጃው ወፍራም የሚመስለው ሰው ካለ ይሳሳታል። በላያችን ያለው ኦዞን ሁሉ ተሰብስቦ ወደ ባሕር ወለል ቢወርድና እዚያ ባለው የአየር ግፊት ቢጨመቅ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ይሆናል። ከአንድ እንጀራ አይበልጥም። በምድር ላይ ያለው ተክልና እንስሳ ሁሉ የሚኖረው ፈጣሪ በሰማይ ላይ ባኖራት በዚህች ስስ ልባስ ሥር ነው።

ልባሱም በየአገሩ እኩል አይደለም። ኦዞን በብዛት የሚፈጠረው ፀሐይ በምትበረታበት፣ ማለትም እኛ ባለንበት በምድር ወገብ አካባቢ ነው። ነገር ግን የላይኛው አየር ቀስ እያለ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ስለሚጓዝ የተፈጠረውን ይዞ ይሄዳል። በሰሜን አገሮች በጸደይ ወራት ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ሲደርስ፣ ከእኛ በላይ ያለው 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጥሩውን ቡና አምርቶ ለውጭ ገበያ ልኮ ራሱ የተረፈውን እንደሚጠጣ አገር መሆናችን ነው።

አሁን ወደ ከተማችን እንምጣ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ትገኛለች። በዚህም ምክንያት ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ፣ በቀትር ልክ ከአናታችን በላይ ትቆማለች። በመስቀል አደባባይ የተተከለ የመብራት ምሰሶ ያን ጊዜ ጥላ የለውም ለማለት ይቻላል። በቀሩት ወራትም ቢሆን፣ በታኅሣሥ እንኳ፣ ቀትር ላይ ከአናት ብዙ አትርቅም። ጨረሩ ቀጥ ብሎ ሲወርድ በኦዞኑ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ አጭር ይሆናል፤ ጠዋትና ማታ ግን በአግድም ስለሚመጣ ያንኑ ስስ መጋረጃ በረጅሙ ማቋረጥ አለበት።

ሌላው ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በአማካይ 2,350 ሜትር ግድም ትገኛለች። ሰው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ከበላዩ ያለው አየር ይሳሳል፤ በየ1,000 ሜትሩም ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ሰማዩ በሁለቱም ስፍራ እኩል ጥርት ቢል፣ በካዛንቺስ መንገድ ዳር በቀትር የቆመ ሰው ጅቡቲ ወደብ ላይ ከቆመው ይልቅ ሩብ ያህል የበለጠ ጨረር ያገኘዋል። የጅቡቲው ሰው ግን ላቡ ስለሚንቆረቆር ጥላ ይፈልጋል። የእኛው ሰው ነፋሱ ደስ ስለሚለው ፀሐይ መሞቁን ይቀጥላል።

የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሜትዮሮሎጂ ድርጅት የጨረሩን ብርታት የሚለኩበት ቁጥር አላቸው። ከ3 ጀምሮ ጥንቃቄ ያስፈልጋል ይላሉ፤ 11ና ከዚያ በላይ የሆነውን ደግሞ ከሁሉ የከፋው ደረጃ አድርገውታል። በአዲስ አበባ ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን በቀትር ከ11 በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው። አውሮፓ ውስጥ በዜና የሚያስነግር ቁጥር ለእኛ ተራ ቀን ነው ማለት ነው። የክረምቱ ጥቁር ደመና ብዙውን ይከለክልልናል። ስስ ደመና ግን እምብዛም አያስቀርም፤ ከጨረሩ ከ90 በመቶ በላይ ሊያልፍ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ያለውን አንድ የተሳሳተ ሐሳብ ማንሣት ይገባናል። «የኦዞን ቀዳዳ በላያችን ስለተከፈተ ፀሐይዋ እንዲህ ከረረች» ሲባል እንሰማለን። ቀዳዳው የተገኘው በኢትዮጵያ ላይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 ጆሴፍ ፋርማን፣ ብራያን ጋርዲነርና ጆናታን ሻንክሊን የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች በደቡብ ዋልታ፣ በአንታርክቲካ፣ በጸደይ ወራት ኦዞኑ እጅግ እየሳሳ መሄዱን አስታወቁ። ምክንያቱ በማቀዝቀዣዎችና በሚረጩ ቆርቆሮዎች ውስጥ ይገባ የነበረው ክሎሮፍሎሮካርቦን የሚባለው ጋዝ ነው። ማሪዮ ሞሊናና ሸርዉድ ሮውላንድ ይህን አደጋ እ.ኤ.አ. በ1974 አስቀድመው ተናግረው ነበር፤ በ1995ም ከፓውል ክሩትዘን ጋር የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። በምድር ወገብ አካባቢ ያለው ኦዞን ግን በዚህ ምክንያት እምብዛም አልቀነሰም። የአዲስ አበባ ጨረር ብርታት በቀዳዳ የመጣ ሳይሆን ከአገሩ አቀማመጥ የመጣ፣ አባቶቻችንም የኖሩበት ነው። ቀዳዳው ቢደፈንም በካዛንቺስ ቀትር ላይ ባርኔጣ ማድረግ አይቀርልንም።

ይህን ስንል ጋዙ አያገባንም ማለታችን አይደለም። መጋረጃው የዓለም ሁሉ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 16 ቀን 1987 የተፈረመውን የሞንትሪያል ስምምነት ኢትዮጵያም በ1994 ተቀብላዋለች፤ በ2009 ደግሞ የዓለም መንግሥታት ሁሉ የተቀበሉት የመጀመሪያው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ሆኗል። እንደ እኛ ባሉ አገሮች ክሎሮፍሎሮካርቦን ከ2010 ጀምሮ ቀርቷል። እሱን ከተኩት ጋዞች አንዱ፣ በሠፈራችን የፍሪጅ ጠጋኞች ዘንድ «አር ሃያ ሁለት» የሚባለው፣ ጉዳቱ ያነሰ ቢሆንም ፈጽሞ የሌለበት አይደለም። ስለዚህ አሮጌ ፍሪጅ ሲጠገን ጋዙን ወደ አየር ከመልቀቅ ይልቅ በመሰብሰቢያ ዕቃ መቀበል ያስፈልጋል። በምግብ ቤቶቻችንና በክሊኒኮቻችን ያሉትን ማቀዝቀዣዎች የሚያስጠግኑ የፕሮጀክት ኃላፊዎች ይህን ለጠጋኙ ቢያሳስቡ መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ የወጣው የባለሙያዎች ግምት፣ ዓለም እንዲህ ከቀጠለ ኦዞኑ በአብዛኛው ምድር በ2040 ግድም፣ በደቡብ ዋልታ ደግሞ በ2066 ግድም ወደ 1980 መጠኑ ይመለሳል ይላል።

አሁን ወደ ሕፃናቱ እንመለስ፤ የጥያቄው ክብደት ያለው እዚህ ነውና።

በቆዳችን ውስጥ «ቢ» ጨረር ሲነካው ወደ ቪታሚን ዲ የሚለወጥ ቅባት መሰል ነገር አለ። ቪታሚን ዲ ከሌለ ከምግብ የሚገኘው ካልሲየም ወደ ሰውነት በሚገባ አይገባም፤ የሕፃኑም አጥንት ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ሪኬትስ የሚባለው በሽታ ይህ ነው። የራስ ቅል ይለሰልሳል፣ ርግብግቢቱ ሳትገጥም ትዘገያለች፣ የእጅ አንጓ ይሰፋል፣ በደረት ጎንና ጎን እንደ ዶቃ የተደረደሩ እብጠቶች ይዳሰሳሉ። ልጁ መቆምና መሄድ ይዘገያል፤ ሲሄድም እግሩ ይወለገዳል። ይህን ያዩ ወላጆች ብዙ ጊዜ «ሰነፍ ልጅ ነው» እያሉ ወራት ያሳልፋሉ።

ጨረሩ እንዲህ በበረታበት ከተማ ይህ በሽታ አለ ማለት ለሰሚው የሚገርም ነው። ነገር ግን አለ። አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ አገራችንን ለጎብኚዎች ባስተዋወቁበት ጊዜ የ13 ወር ፀሐይ ያላት አገር ብለዋት ነበር፤ አባባሉም እውነት ነው። ሆኖም ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባው የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመው ጥናት ምን እንዳሳየ እንመልከት። ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ፣ የሳንባ ምች የያዛቸው 500 ሕፃናት ሲመረመሩ 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው። የሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ሕፃናት ግን ሪኬትስ የተገኘባቸው 20 ብቻ ናቸው። የደረቱ አጥንት የለሰለሰ ሕፃን በኃይል መተንፈስና አክታውን ማስወጣት ይሳነዋል። ስለዚህ ሪኬትስ እግርን የሚያወላግድ ብቻ ሳይሆን ሕይወትንም የሚያሳጣ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሕፃኑ ከተወለደ ጀምሮ በጨርቅ ላይ ጨርቅ ይጠቀለላል። እናት ብርድ ትፈራለች፣ የሰው ዓይን ትፈራለች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ምች ትፈራለች። ስለ ምች ጥቂት እንበል፤ የተማረ ሰው ቶሎ ብሎ የሚስቅበት ነገር ነውና። ፀሐይ ላይ የዋለ ሰው አተኩሶት ከንፈሩ ላይ ውሃ የቋጠረ ቁስል ሲወጣ «ምች መታው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሽለታል። የዛሬው ሕክምና ይህ የከንፈር ቁስል ሄርፕስ ከተባለ ቫይረስ እንደሚመጣና ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ ተኝቶ እንደሚቆይ፣ ብርቱ የፀሐይ ጨረርም ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ እንደሆነ ያውቃል። እንግዲህ እናቶቻችን ያዩትን ነገር በትክክል አይተዋል። ያልታያቸው፣ ያው ጨረር በልኩ ለሕፃኑ አጥንት የሚያስፈልግ መሆኑ ነው። የጤና አስተማሪዎቻችን «ምች የሚባል ነገር የለም» ብለው ባይጀምሩ ይሻላል፤ እናቲቱ ከዚያ በኋላ የሚነገራትን አትሰማም።

ሁለተኛው ምክንያት ቤቱ ነው። ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው ጣልያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች ነው። ከዚያ ወዲህ ግን በዙሪያው እየተጠጋጉ የተሠሩት የጭቃ ቤቶች በብዛት መስኮት የሌላቸው ወይም ጠባብ መስኮት ያላቸው፣ ቆርቆሮ ለቆርቆሮ የተነካኩ ነበሩ። በመካከላቸው ያለው መተላለፊያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ስለነበር ፀሐይ የምትገባበት በቀትር ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር። ከእነዚህ የቆዩ ሠፈሮች ብዙው ክፍል በ2017 ዓ.ም. ፈርሶ ነዋሪው ወደ ሌላ አካባቢ ተዛውሯል፤ በቂርቆስ ግን ዛሬም እንዲህ ያለ ጉራንጉር አለ። ወደ ኮንዶሚኒየም የገባችውም እናት ችግሩን አላመለጠችም። ከ4ኛ ፎቅ ሕፃን አቅፎ መውረድ አድካሚ ስለሆነ በመስኮቱ መስታወት በኩል በሚገባው ፀሐይ ታሞቀዋለች። የመስኮት መስታወት ብርሃኑንና ሙቀቱን ያሳልፋል፤ «ቢ» ጨረርን ግን ያስቀራል። ሕፃኑ ሞቆት ይተኛል፤ ለአጥንቱ ግን ምንም አላገኘም። መስኮቱን መክፈት ወይም ወደ በረንዳ መውጣት ያስፈልጋል።

የከተማ ኑሮ ልጆችን ከፀሐይ እንደሚያርቅ የሚያሳይ ሌላም ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት በአዳማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ 174 ልጆች ተመርምረው ነበር። ከከተማ ልጆች 61.8 በመቶ የሚሆኑት የቪታሚን ዲ እጥረት ሲገኝባቸው ከገጠር ልጆች ግን 21.2 በመቶ ናቸው። ከብት የሚጠብቀው ልጅ ያላሰበውን መድኃኒት ከሜዳ ሲያገኝ፣ ፎቅ ላይ ሆኖ ቴሌቪዥን የሚያየው አጥቶታል ማለት ነው። ቆዳችን ጠቆር ያለ መሆኑም ከጉዳት ቢጠብቀንም ቪታሚኑን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል።

ስለዚህ ሕፃኑ ከቤት ውጭ፣ ራሱ፣ እጁና እግሩ ተገልጦ ፀሐይ ይሙቅ። ብዙውን ጊዜ የሚመከረው ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ነው። አንዳንድ እናቶች ጎህ ሲቀድ፣ 1 ሰዓት ሳይሞላ ያወጣሉ፤ በዚያ ሰዓት ጨረሩ በአግድም ስለሚመጣ «ቢ» የሚባለው የለም ማለት ይቻላል፤ ትርፉ ብርድ ነው። ፊቱን ከፀሐይ ማዞር፣ ዓይኑን መጋረድ ይገባል። ቅቤም ሆነ ቫዝሊን ቪታሚን አያመጣም፤ መቀባት የምትወድ እናት ከሞቀ በኋላ ብትቀባው ይሻላል።

እስካሁን ስለ ማነስ ተናገርን፤ መብዛቱ የሚጎዳቸው ደግሞ ሌሎች ናቸው። ጠቆር ያለው ቆዳ ሜላኒን የሚባል ቀለም ስላለው ለቆዳ ካንሰር የመጋለጡ ነገር ከነጮቹ እጅግ ያነሰ ነው፤ በዚህ ረገድ ከውጭ የሚመጣውን ማስፈራሪያ ሁሉ ለሕዝባችን እንዳለ ማስተላለፍ ተገቢ አይመስለንም። ዓይን ግን በቆዳ ቀለም አይድንም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ሲገኝ፣ ከእነዚህ ግማሽ ያህሉን ያሳወራቸው የዓይን ሞራ ነው። የሞራ ዋነኛ ምክንያት ዕድሜ ቢሆንም፣ ዘመኑን ሁሉ ዓይንን ሲመታ የኖረ አልትራቫዮሌት ያፋጥነዋል። ከዓይን ጠርዝ ተነሥቶ ወደ ብሌኑ የሚያድገው ሥጋ መሰል ነገርም በፀሐይ ከሚውሉት ሰዎች ላይ ይበዛል። በአደባባይ የሚቆሙት ትራፊክ ፖሊሶች፣ ሊስትሮዎች፣ የሕንፃ ሠራተኞች፣ ጉልት የሚሸጡ እናቶች ሰፋ ያለ ባርኔጣ ወይም ጃንጥላ ቢያገኙ ትልቅ ነገር ነው። ጥቁር መነጽር የሚገዛ ሰው አልትራቫዮሌት የሚከላከል መሆኑን ይጠይቅ። የማይከላከል ጥቁር መነጽር ብሌኑን በጨለማ እንዲከፈት አድርጎ ጨረሩን ያስገባበታልና ካለማድረግ የባሰ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንላቸው የሚገባን አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ናቸው። በእነርሱ ቆዳና ዓይን ውስጥ ሜላኒን የለም፤ ወይም እጅግ ጥቂት ነው። በዚህ ከፍታ፣ በዚህ ፀሐይ፣ ያለ መከላከያ የሚያድግ ልጅ ገና በወጣትነቱ የቆዳ ካንሰር ሊይዘው ይችላል። የዓይናቸውም ማየት ደካማ ነው፤ ጥቁር ሰሌዳ ማንበብ ያቃተው ልጅ ሰነፍ ተብሎ ከኋላ ሲቀመጥ በፕሮጀክቶቻችን አይተናል። እንዲህ ያለ ልጅ በፊተኛው መቀመጫ፣ ከመስኮት ራቅ ብሎ ይቀመጥ። እጅጌው ረጅም፣ ጨርቁ ጥቅጥቅ ያለ ይሁን። ጨርቁን ለመፈተን ወደ ብርሃን አንሥቶ ማየት ይበቃል፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ጨርቅ ጨረርም ያሳልፋል። በዚህ ረገድ ስስ ነጠላ ብዙ አይረዳም። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ለድሃ ቤተሰብ ውድ ነው፤ ልብስ ለሚያሰባስቡ ምእመናን ከአንድ ካፖርት ይልቅ ጥቂት ቅባትና ሰፊ ባርኔጣ ለእንዲህ ያለ ልጅ እንደሚጠቅም ልናሳስብ እንወዳለን። የእሱ እናት «ሕፃናትን ፀሐይ አሙቁ» የሚለውን ትምህርት ከሌሎች ጋር ተቀምጣ ሰምታ እንደተባለችው ብታደርግ ልጅዋን ትጎዳዋለች። ስለዚህ አስተማሪው ለብቻዋ ጠርቶ ይንገራት፤ ሕፃኑ ቪታሚን ዲ በጠብታ ማግኘቱንም ከጤና ጣቢያው ጋር ይነጋገርላት።

ሰዓት የሌለው ሰው በምን ይወቅ ለሚለው፣ ጥላ ይበቃዋል። ጥላህ ከቁመትህ ሲረዝም ጨረሩ ለዘብ ያለ ነው፤ ጥላህ ከቁመትህ ሲያጥር ብርቱ ነው። በአዲስ አበባ ጥላ ከቁመት የሚያጥረው ብዙውን ጊዜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ እስከ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ፀሐይም ከፍተኛ ቦታዋን የምትይዘው ልክ በ6 ሰዓት ሳይሆን ጥቂት አለፍ ብላ ነው። ከቀኑ ጨረር 60 በመቶ ያህሉ የሚወርደው ከ4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

የእርዳታ እህልና ዘይት የሚታደልበት ሰልፍ በአብዛኛው የሚዘረጋው በዚሁ ሰዓት መሆኑን የፕሮጀክት ኃላፊዎች ያውቁታል። ሽማግሌዎችና አራሶች ሁለት ሦስት ሰዓት በአደባባይ ይቆማሉ። ዕደላው በ2 ሰዓት ቢጀመር፣ ካልሆነም ተራቸው የሩቅ የሆነው ከ9 ሰዓት በኋላ እንዲመጡ ቀድሞ ቢነገራቸው ብዙ ድካም ይቀንሳል። ድንኳን የሚተክሉም ሸራው ጥቅጥቅ ያለ፣ ጎኑም እስከ ወገብ የወረደ ቢሆን ይመረጣል፤ አልትራቫዮሌት በቀጥታ ከፀሐይ ብቻ ሳይሆን ከሰማያዊው ሰማይ ሁሉ ተበትኖ ስለሚመጣ፣ ከላይ ብቻ የተሸፈነ ሰው ከጎን ያገኘዋል።